የእምነት ክህደት ቃል

በዚያ ዓመት ዝናቡ በጥቅምት አልቆመም። ኅዳር ገባ፤ አልቆመም። ቀይ ቡና በዛፉ ላይ እየተሰነጠቀ ረገፈ። የተለቀመውም በማድረቂያ አልጋው ላይ ሻገተ። ከሸኮ ወደ ሚዛን የሚወስደው መንገድ ተደርምሶ መኪና ጠፋ። ጨው ተወደደ። የታመመ በቃሬዛ ሄደ፤ አንዳንዱ በመንገድ ቀረ። ሰው ጎደሬ ቀቅሎ በላ፤ በማግሥቱም ጎደሬ ቀቅሎ በላ። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ስትወጣ የሚሰጣ ብዙ ቡና አልነበረም።

አሞጽ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ሰብሳቢ ሆኖ የተመረጠው በዚህ ዓመት መግቢያ ላይ፣ ክፉው ገና ሳይታወቅ ነው። የቀድሞው ሰብሳቢ ልጆቹ ወዳሉበት ወደ ቴፒ ወርዶ በዚያው ቀረ። በስብሰባው ላይ አንዱ እጁን አውጥቶ «አምናለሁ ይሁን» አለ። ሰው ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ እጅ ሁሉ ወጣ።

«አምናለሁ» የአሞጽ ቅጽል ስም ነው። የሚቀልዱበት ሰዎች ታሪኩን እንዲህ ያወራሉ፦ አሞጽ ቡና ሰርቆ ዳኛ ፊት ቀረበ፤ ሌላው ሌባ ሁሉ ሲክድ እሱ ደረቱን ነፍቶ «አምናለሁ» አለ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ደግሞ ሌላ ይላሉ፦ ጌታን ካድ ቢሉት አልክድም ብሎ ታሰረ። ሁለቱም ወገኖች ከእውነቱ ቁራሽ ይዘዋል። ሙሉውን የሚያውቁት ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዱ ራሱ አሞጽ ነው። ሌላው የማኅበሩ መጋዘን ኃላፊ ሳህሉ ነው።

አሞጽ ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላውም። አማርኛው የገበያ አማርኛ ነበር፤ መግዛትና መሸጥ፣ ሰላም ማለትና መሳደብ ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ አይሄድም። ጌታን የተቀበለው በዚያው ዓመት ነው። የጥምቀት ትምህርቱን ያስተማረው ሳህሉ ነበር። ሳህሉ ስድስተኛ ክፍል የደረሰ፣ አማርኛ እንደ ውሃ የሚወርድለት ጎረምሳ ነው። መጋቢው ሲሰብክ ወደ ሸኮኛ የሚያስተረጉመው እሱ፣ በቀበሌም በፍርድ ቤትም የሚያስተረጉመው እሱ። ለአሞጽ የነገረው ረጅም አልነበረም። ወንዙ ውስጥ ሲያቆሙህ «ታምናለህ?» ይሉሃል፤ ጮክ ብለህ «አምናለሁ» በል። ማንም ሰው፣ የትም ቦታ፣ የፈለገውን ያህል ትልቅ ቢሆን «ትክዳለህ?» ካለህ፣ ቢገድሉህም «አልክድም» በል። አሞጽ ይህን ቡና እየለቀመ ይለማመደው ነበር።

ከተጠመቀ ወር ሳይሞላው ከነጋዴው ከሸዋንግዛው መጋዘን ቡና ተሰረቀ። የሸዋንግዛው አባት ከሰሜን የመጣ ነው፤ እሱ ግን እዚያው ሸኮ ተወልዶ፣ እዚያው ነግዶ፣ እዚያው የከበረ ሰው ነው። አሞጽ በመጋዘኑ የቀን ሥራ ይሠራ ስለነበር እሱን ያዙ። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ሳህሉ ሊያስተረጉም ተጠራ። ዳኛው ተከሳሹ አስተርጓሚ ያስፈልገው እንደሆነ ጠየቁ። ሳህሉ ተነሥቶ «አማርኛ አሳምሮ ይችላል፤ ምን አስተርጓሚ ያስፈልገዋል?» አለ። ዳኛው ደግመው ጠየቁ። ሳህሉም ያንኑ ደግሞ ተቀመጠ። ከዚያ ክሱ ተነበበ። ከዚያ ሁሉ ቃል ውስጥ አሞጽ የለየው ቡና የሚለውን ነበር። በመጨረሻ ዳኛው ቀና ብለው አዩት።

«ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ?» አሉት።

የአሞጽ ልብ በደስታ ዘለለ። ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። ትልቅ ሰው ነው የጠየቀው፤ ሳህሉ ይመጣል ያለው ፈተና መጣ። እጁን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ቤቱ እስኪያስተጋባ፣

«አምናለሁ። ብትገድሉኝም አልክድም» አለ።

ሰው ሳቀ። ሳህሉ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ አሰረ።

ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ቃሉን የገለጠለት አብሮት የታሰረ አንድ አስተማሪ ነው። የእምነት ክህደት ቃል ይባላል፤ ፍርድ ቤት ቆሞ አምናለሁ ያለ፣ ጥፋቱን ሠርቻለሁ ያለ ነው አለው። «አንተ እኮ ራስህን ነው ያሰርከው» ብሎ ሳቀበት። ቀጥሎ ፊቱን አየና ሳቁን ተወ።

አሞጽ ያን ቀን እህል አልቀመሰም። በዳኛው አልተናደደም። ዳኛው በሚያውቁት ቋንቋ ጠየቁ፤ ሁለት ጊዜም አስተርጓሚ ያስፈልገዋል ወይ ብለው ነበር። ሳህሉ ግን ሁለቱንም ወገን ያውቃል። ጥያቄው በአማርኛ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ በአሞጽ ጆሮ ምን ሆኖ እንደገባም ያውቃል፣ ያስተማረው እሱ ነውና። በዓለም ላይ ያን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረ፤ ያም ሰው ጫማውን አሰረ። ለምን እንዳሰረ ደግሞ የአሞጽ እናት ልጇን ልትጠይቅ መጥታ የሰፈሩን ወሬ ስታወራ አሞጽ ገባው። ሳህሉ የሣር ቤቱን አፍርሶ ቆርቆሮ ከድኗል አለችው።

እናቱ ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ሸዋንግዛው በገበያ መካከል «የሌባ እናት» ብሎ ጠራት። ገበያ መውጣት ተወች፤ ቀጥላም ከቤት መውጣት ተወች። አሞጽ ሲፈታ መቃብሯ ላይ ሣር በቅሎ አገኘ።

ሌላ ሰው ቢሆን እምነቱን ይጥል ነበር። አሞጽ አልጣለም። እስር ቤት ውስጥ በአማርኛ ማንበብ ተማረ፤ ቅዱስ ቃሉን ከዳር እስከ ዳር ወጣው። ደጋግሞ የሚያነበው ግን እግዚአብሔር በክፉዎች ላይ የሚፈርድባቸውን ምዕራፎች ነው። ጸሎቱ አጭር ነበር፦ «ፍረድልኝ። ዓይኔ እያየ ፍረድልኝ።» ሌሎች ምእመናን ነገሬን ለጌታ ትቻለሁ ይላሉ። አሞጽም ትቶ ነበር፤ ጌታ በእሱ እጅ እንዲያደርገው ግን በየማለዳው ያሳስበው ነበር። ከቡና ማሳው ጫፍ አንድ የወደቀ የቀረሮ ግንድ አለ። የሚንበረከከው እዚያ ነው። መሬቱ በጉልበቶቹ ልክ ጎድጉዷል።

ሳህሉ ከዚያ ፍርድ ወዲህ የጥምቀት ትምህርት አስተምሮ አያውቅም፤ ስብከት ማስተርጎምም ተወ። መጋቢዎች ሲለምኑት ጉሮሮዬን ያመኛል ይላቸዋል። አሞጽን ባገኘው ቁጥር ግን «ወንድም አሞጽ» ብሎ ትከሻውን ይሰጠዋል። አሞጽም ትከሻውን ይሰጣል። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ፊት አልነሣውም። ይጠብቅ ነበር።

ሰብሳቢ ሆኖ ሲመረጥ መጋቢው ቤቱ ድረስ መጥቶ «ይህ ከእግዚአብሔር ነው» አለው። «አውቃለሁ» አለ አሞጽ። መጋቢው በትሕትና የተናገረ መሰለው።

ማኅበሩም እንዲህ ያለ ሰብሳቢ አላየም። የራሱን ቡና ከሁሉ መጨረሻ ያስመዝናል። ሳይጸልይ ስብሰባ አይጀምርም፤ ጸሎቱም የኦርቶዶክሱንም የፕሮቴስታንቱንም ሰው የማያስከፋ፣ ቶሎ የሚያልቅ ነው። አይጮህም። የሰጠውን ቃል ይፈጽማል። በስብሰባ ሁሉ ቀድሞ የሚናገረው ታፈሰ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው የሾመ ተኝቶ ያድራል እያለ ያወድሰው ነበር። አሞጽ እጁን ያን ያህል ንጹሕ አድርጎ የሚጠብቀው ለምን እንደሆነ ታፈሰ አያውቅም። የለመነው ቀን ሲመጣ በእሱ ላይ የሚነሣ ጣት እንዳይኖር ነው።

ቀኑ በዝናቡ በኩል መጣ።

የማኅበሩ ደንብ በደንብ ያልደረቀ ጀንፈል፣ ከነገለፈቱ ያለ ቡና፣ መጋዘን አይገባም ይላል። ኅዳር መጨረሻ ላይ ግን ሰው ገና እርጥብ ቡናውን በጀርባው ተሸክሞ መጥቶ መጋዘኑ ደጅ ቆመ። ሳህሉ በሩን ይዞ አልቀበልም አለ። ለቅሶው ሲበዛበት ወደ አሞጽ ማሳ መጣ። አሞጽ ከግንዱ አጠገብ ነበር። ደጅ የቆሙትን ሴቶች ያውቃቸዋል፤ ልጆቻቸው ምን በልተው እንዳደሩም ያውቃል።

«ተቀበላቸው፤ በእኔ ይሁን» አለው።

ሌላ ሰው አልሰማም። በዚያች ሰዓት ተንኮል አላሰበም፤ ይህን እግዚአብሔር ያውቃል።

ጥር ላይ መንገዱ ተከፍቶ ቡናው ሲመዘን ብዙ ጎደለ። ከፊሉ ሲደርቅ ክብደቱን ጥሏል፤ ከፊሉ በስብሶ ተደፍቷል። ሁሉም ይህን በልቡ ያውቃል። እርጥብ አስገብቻለሁ ያለ ግን ድርሻው ይቀነስበታል። ስለዚህ የሁሉም ቡና ደረቅ ነበር። የታፈሰ ደረቅ፤ የጎረቤቱም ደረቅ። በዚያ ዝናብ ሁሉ ፀሐይዋ በየጓሮው ተደብቃ ትወጣ ነበር ማለት ነው። ደረቅ ቡና ከጎደለ ደግሞ ተሰርቋል። ቁልፉ ያለው በሳህሉ ወገብ ላይ ነው።

ከጠቅላላ ጉባኤው በፊት በነበረው ቀን፣ በማለዳ፣ ሳህሉ ወደ አሞጽ ቤት መጣ። የአሞጽ ሚስት ሆሳዕና በርጩማ አቀረበችለት። አልተቀመጠም። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ያዞረዋል።

«ወንድም አሞጽ፣ ያዘዝከኝ አንተ ነህ። ነገ ያችን ብቻ ተናገርልኝ» አለ።

አሞጽ አየው።

«አማርኛ አሳምረህ ትችላለህ» አለው። «ምን አስተርጓሚ ያስፈልግሃል?»

ሳህሉ አመድ መሰለ። በዚያ ሁሉ ዓመት ያች ነገር በሁለቱ መካከል ስትነሣ የመጀመሪያዋ ነበረች። ባርኔጣውን አደረገና ትከሻውን ሳይሰጥ ወጣ።

ሆሳዕና ከበሩ እስኪርቅ ጠበቀች።

«ያዘዝከው አንተ ነህ?» አለችው።

«ነኝ።»

«ታዲያ ትናገራለሃ።»

አሞጽ ጋቢውን ደረበ። እሷ አልጮኸችም። «ነገ ጸሎቱን የምትከፍተው በዚያው አፍህ ነው» አለችና በርጩማውን አነሣች።

ወደ ግንዱ ሄዶ ተንበረከከ። ፍረድልኝ ለማለት አፉን ሲከፍት ቃሉ አልመጣለትም፤ የተሰጠ ነገር አይለመንም። የለመንኩህን ሰጠኸኝ አለ። ከቅጠል ወደ ቅጠል የሚንጠባጠበውን የማለዳ ጠል ሲሰማ ቆየ።

ጉባኤው የተደረገው በመጋዘኑ ግቢ ነው። አሞጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸሎቱን ሌላ ሰው እንዲከፍት አደረገ። ጉሮሮዬን ያመኛል አለ። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ የማን ቃል እንደሆነ ታወቀው፤ ደስ አላለውም።

ሸዋንግዛው ከዘራውን ተደግፎ ከፊት ተቀምጧል። ንግዱን ትቶ ያለችው ጥቂት ቡና ብቻ ስለሆነች እሱም አባል ነው። ለአሞጽ ሰላምታ ሰጥቶት አያውቅም። ዛሬም ጎረቤቱን አየት አድርጎ፣ ሁሉ እንዲሰማው፣ «ሌባን ሌባ ሊመረምረው ነው» አለ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። አማርኛ የማይሰሙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በግንቡ ጥግ ተደርድረዋል። የቀበሌው ሚሊሻ ከበሩ አጠገብ ቆሟል።

ታፈሰ ተነሥቶ ብዙ ተናገረ። ደረቅ ቡናችን ተበላ አለ። በስተ መጨረሻም ሰብሳቢው ይጠይቅልን፤ ይመን ወይ ይካድ ብሎ ተቀመጠ።

አሞጽ ቆመ። ሳህሉም ቆመ። ሁለቱም ሸብተዋል።

«ሳህሉ፣ ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ?»

ሳህሉ ከንፈሩን አራሰ።

«ስለ የቱ ነው የምትጠይቀኝ?» አለ።

«እኔም ያኔ አላወቅሁም» አለ አሞጽ።

ሰው አልገባውም። ሳህሉ ገባው። ሰብሳቢው ነው ያዘዘኝ ማለት ይችል ነበር፤ ማንም ባያምነው ማለት ይችል ነበር። አሞጽ ዓይኑን ወደ ሳህሉ ጫማ ጣለ፤ ጎንበስ የሚል መስሎት ነበር። ሳህሉ ግን ቀና አለ።

«አምናለሁ» አለ።

ግቢው ተናወጠ። ቁልፉን ከወገቡ ፈቱበት። አንዱ ባርኔጣውን መትቶ ጣለበት፤ ሚሊሻው መጥቶ ክንዱን ያዘው። ሳህሉ ባርኔጣውን ሊያነሣ እንኳ አልሞከረም።

ነገሩ ለአሞጽ ጣፋጭ ነበር። ይህን ቀን በእስር ቤት ወለል ላይ አስቦታል፣ በእናቱ መቃብር ላይ አስቦታል፣ ትከሻውን በሰጠው ቁጥር አስቦታል፤ ካሰበው ሁሉ ይበልጥ ነበር። ሳህሉ ባልሠራው ሊታሰር ነው። በዚያችው ቃል ሊታሰር ነው። ዓይኔ እያየ ብሎ ለምኖ ነበር፤ ዓይኑ እያየ ነው። እስከ በሩ ድረስ በዓይኑ ሸኛቸው።

ታፈሰ ወደ እሱ ጠጋ ብሎ፣ በጎነት እንደሚያደርግ ሰው፣ በጆሮው ሹክ አለው።

«አየህ፣ አንተ ፊት ቆሞ መዋሸት አቃተው። አልክድም ብሎ የታሰረ ሰው እኮ ነህ።»

አሞጽ ይህን ውዳሴ ስንት ጊዜ ሰምቶታል። ዛሬ ጎኑ ላይ ተሰካበት። «በእኔ ይሁን» ብሎ ነበር። አሁን ያችን ቃል ውጦ፣ አላልኩም ብሎ ተቀምጧል። ያለውን አላልኩም ማለት በአማርኛ አንድ ስም አለው፣ ክህደት፤ እሱም ሦስት ዓመት የታሰረው፣ እናቱንም ሌላ ሰው የቀበረለት፣ አልክድም ብሎ ነው። ሳህሉ ያኔ ብዙ ነገር ወስዶበታል። «አልክድም» ያላትን ግን አልወሰደም። እሷን ዛሬ ራሱ አሞጽ ሊጥላት ነው። ሌላ የቀረው ነገር አልነበረም።

ይቅር አላለውም። በዚያች ሰዓት ልቡ እንደ ሞረድ ነበር፤ ቁጣው ዞሮ እግዚአብሔርን አገኘው። ሰጥተኸኝ ትነጥቀኛለህ አለው በልቡ። ከዚያ ድምፁን አወጣ።

«መልሱት።»

ሚሊሻው ከበሩ ላይ ዞረ።

«ሳህሉ፣ ምኑን ነው ያመንከው? ያኔ እኔን ማንም ይህን አልጠየቀኝም። እኔ እጠይቅሃለሁ።»

የሳህሉ ድምፅ ቀጭን ሆኖ ወጣ።

«የመጋዘኑን አላምንም፤ አንዲት ፍሬ አልነካሁም። የሸዋንግዛውን ቡና አምናለሁ። የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

የሸዋንግዛው ከዘራ መሬት ላይ ወደቀች። ያነሣለት ሰው አልነበረም።

አሞጽ ወደ ጉባኤው ዞረ። «የመጋዘኑን ደግሞ እኔ አምናለሁ» አለ። «እርጥቡን አስገባ ያልኩት እኔ ነኝ። ደንባችሁን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ከትናንት ጀምሮም ይህን እያወቅሁ ዝም ብያለሁ። የምታደርጉትን አድርጉ።»

ሚሊሻው ማንን እንደሚይዝ ግራ ገባው፤ የሳህሉን ክንድ ለቀቀ። ታፈሰ ሰማይ ሰማይ አየ። ከኋላ አንዲት ሴት፣ ንጋቷ የምትባል፣ ሕፃን እንዳዘለች ተነሥታ የእኔም ቡና እርጥብ ነበር አለች። አጠገቧ ያለው ሰው ልብሷን ጎተታት፤ አልተቀመጠችም። ከዚያ ሌላው ተነሣ። ከዚያ ሌላው።

ሸዋንግዛው ይህን ሁሉ አልሰማም። ዓይኑ አሞጽ ላይ ብቻ ነው።

«አንተ ሰው፣ እዚያው ችሎት ውስጥ ተቀምጬ ነበር» አለ። «በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ። ካልወሰድክ ለምን አምናለሁ አልክ?»

አሞጽ ወደ ሳህሉ ዞረ።

«አስተርጉም» አለው።

ሳህሉ ባርኔጣውን ከመሬት አነሣ፤ አልደፋውም። ግቢው መካከል ሄዶ ቆመ፤ ድሮ መጋቢው ሲሰብክ እንደሚቆመው፣ አማርኛ ለሚሰሙት ወደ ቀኝ፣ ለማይሰሙት ወደ ግራ። መጀመሪያ ለሸዋንግዛው በአማርኛ ይላል፤ ቀጥሎ ወደ ግንቡ ጥግ ዞሮ፣ ከአሞጽ እናት እኩዮች የተረፉት ወደተቀመጡበት፣ ያንኑ በሸኮኛ ይደግማል። ዳኛው የጠየቁት ምን እንደነበረ ተናገረ። አሞጽ የሰማው ምን እንደነበረ ተናገረ። «ታምናለህ» ሲሉት ምን እንዲል ያስተማረው ማን እንደሆነ ተናገረ። አስተርጓሚ ያስፈልገዋል ወይ ተብሎ ሁለት ጊዜ የተጠየቀው ማን እንደሆነ፣ ምን ብሎ እንደመለሰም ተናገረ። ጫማው ሳይፈታ ጎንበስ ብሎ እንዳሰረው ተናገረ።

ከአሮጊቶቹ አንዷ እጇን አፏ ላይ ጭና የአሞጽን እናት ስም ጠራች።

አሞጽ አልተቀመጠም። ሁለቱንም ቋንቋ ያውቃል አሁን። ሚዛን አጠገብ እንደቆመ ሰው፣ ይህን በአማርኛ፣ ያንን በሸኮኛ፣ ቃል በቃል እያስተያየ እስከ መጨረሻው ሰማ።

አልጎደለም።